ድሬ ላይ በአንድ ቁልፍ፣ ሐረር ላይ በግፊያ፦ አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘር ጠዋት ለምን ይለግማል?

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ነው፦ «1ኤችዜድ ሞተር ያለው፣ በፈረንጅ 1994 ሞዴል የሆነ ረጅም ላንድክሩዘር አለኝ። የአባቴ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ቁልፍ ስነካው ይነሳል። ለሥራ ሐረር ሳድር ግን፣ በተለይ ከሕዳር ወዲህ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ያንቦለቡላል፣ ስንት ሞክሬ ሲነሳ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ሰላም ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭስም የለው። የማቆመው ዘመድ ቤት በር ላይ፣ ዳገት ላይ ነው። ባትሪ ቀይሬያለሁ። አንዱ መካኒክ ፖምፓው ይውረድ አለኝ፣ ሌላው ሞተሩ ፋሻ ጨርሷል ይፈታ አለኝ። የቱን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ። እኔ ድሬ ውስጥ እንጀራዬ ፖምፓ (ናፍጣውን በግፊት የሚልከው) እና ኖዝል (ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) ነው፤ ፖምፓ ይውረድ በተባለ ቁጥር ከሚጠቀሙት አንዱ እኔ ነኝ ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ፣ በጻፍከው ምልክት ብቻ ፖምፓ የሚያወርድ ሰው ቸኩሏል፣ ሞተር የሚፈታ ደግሞ ጭራሽ ያየው ኪስህን ነው። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የጨረሰ ሞተር ሞቆ ሲሄድም ያስታውቃል። ዘይት ይበላል፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍት እያፈነ ይተነፍሳል፣ የደንገጎን ዳገት ተጭኖ ሲወጣ ይሰንፋል። ያንተ ከሞቀ በኋላ ሰላም ነው ብለሃል።

ስለ ፖምፓው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያስበው። ያንተ ዓይነቱ ክብ ፖምፓ (ሮታሪ የሚባለው) ውስጡ ሲበላ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ጠዋት በብርድ አይደለም፣ ቀን ሞቆ ከቆመ በኋላ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ናፍጣ በተበላው ክፍተት ያመልጣል፣ ሞተሪኖው በሚያዞረው ትንሽ ፍጥነት በቂ ግፊት አይፈጠርም። ብርድ ላይ ናፍጣው ወፈር ስለሚል ያው የተበላ ፖምፓ እንዲያውም ይሻለዋል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ከዚራ ላይ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ ወዲያው የሚነሳ መኪና ፖምፓው ሞቷል ማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ዋናው። ከጥያቄህ ውስጥ ዓይኔ የገባችው «አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭስም የለው» የምትለዋ ናት። እንደ ዋዛ ነው የጣልካት፣ ግን ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ጠዋት ላይ የናፍጣ ሞተር ዋና መርማሪ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልተቀጣጠለም። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታም የዚያ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ጭስ ጭራሽ ከሌለ ግን ናፍጣው አልደረሰም። አንዱ የሙቀት ችግር ነው፣ ሌላው የነዳጅ መንገድ ችግር። መኪናህ አንድ ሳይሆን ሁለት በሽታ ይዞ ነው የሚዞረው፣ በአጋጣሚ ሁለቱም ሐረር ላይ ይታያሉ። ሁለቱ መካኒኮችም ያልተስማሙት አንዱ ጭስ ባለበት ቀን፣ ሌላው ጭስ በሌለበት ቀን ስላዩት ይሆናል።

ስለ ብርዱ አንዴ እንነጋገርና እንለፈው። በፈረንጅ የሚጻፈውን ስታነብ ናፍጣ ረግቶ ሰም ሆነ፣ ፊልትሮ ዘጋ፣ ፀረ እርጋታ ጨምሩ ይላል። ያ ከዜሮ በታች ለሚወርድ አገር ነው፣ እኛን አይመለከትም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። በሕዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሐረር ይቀዘቅዛል፣ ሐረማያ ሜዳው ላይ ደግሞ ይብስበታል፤ ግን ይህ ለጤነኛ 1ኤችዜድ ብርድ አይባልም። ይህ ሞተር በረዶ ባለበት አገር እየተነሳ የኖረ ነው። የሐረር ንጋት ሞተርህን አላበላሸውም፤ ድሬ ላይ ሙቀቱ ሲሸፍንልህ የቆየውን ነው ያጋለጠው።

እንዴት ነው የሚያጋልጠው? ናፍጣ ሞተር እሳት የሚሰጠው ብልጭታ የለውም። አየሩን አፍኖ ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር ይግላል፣ በዚያ ግለት ናፍጣው ይነዳል። ያንተ ሞተር አየሩን ወደ 22 እጥፍ ነው የሚጨምቀው። ግን ናፍጣው የሚረጨው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፣ ያቺ ክፍል ደግሞ ቀዝቃዛ ብረት ስለሆነች የተፈጠረውን ሙቀት ትመጠዋለች። ለዚህ ነው እያንዳንዷ ክፍል የራሷ ማሞቂያ ካንዴላ ያላት፣ ለስድስቱ ሲሊንደር ስድስት። እንደ ላንድሮቨር 300 ቲዲአይ ያሉት ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተን ላይ የሚረጩ ሞተሮች በእኛ አየር ካንዴላቸው ሞቶም ብዙውን ጊዜ ይነሳሉ፤ 1ኤችዜድ ግን ያኮርፋል። በዚያ ላይ የሐረር አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሚጨመቀው አየር ትንሽ፣ መነሻው ቀዝቃዛ። ድሬ ላይ ከስድስቱ ካንዴላ ሁለት ሦስቱ ብቻ ቢሠሩም ይነሳል፣ ከሞቀ ሌሊት በኋላማ ያለ ምንም ካንዴላ የሚነሳም አይቻለሁ። ሐረር ላይ ግን ስድስቱም ያስፈልጉሃል።

ስለዚህ ለነጭ ጭሱ ቀን ቀዳሚ ተጠርጣሪዬ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ናቸው። ምልክቶችህም ይመሰክራሉ። ሲነሳ መንቀጥቀጡ ሁለት ሦስት ሲሊንደር ብቻ ስለነደዱ ነው፣ የተቀሩት እስኪሞቁ ድረስ ናፍጣቸውን እየተፉ ይጠብቃሉ፣ ሲሞቁ ይቀላቀላሉ፣ ጭሱም ይጠፋል። «ዳሽቦርድ ላይ ያለችው የካንዴላ መብራት እኮ በርታ ትጠፋለች» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ይላል። ያቺ መብራት ካንዴላው መሞቁን አታውቅም ወንድሜ። ሰዓት ቆጣሪ ናት። የሞተሩን ውኃ ሙቀት አይታ ይህን ያህል ሴኮንድ ጠብቅ ትላለች፣ በቃ። ስድስቱንም ካንዴላ ነቅለህ ኪስህ ብትከታቸው እንኳን በርታ ትጠፋለች።

ያለ ምንም መሣሪያ የምታየው አንድ ነገር አለ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የጣሪያውን መብራት አብራና ቁልፉን ሞተሪኖ ሳትነካ ክፈት። ካንዴላዎቹ ጤነኛ ከሆኑ ከፊት መብራትህ ብዙ እጥፍ አምፒር በአንዴ ስለሚስቡ የጣሪያው መብራት ፈዘዝ ሲል በዓይንህ ታየዋለህ፣ ከኮፈኑ ሥር ደግሞ ሪሌው «ጧ» ሲል ትሰማለህ። ትንሽ ቆይቶ ሪሌው ሲለቅ መብራቱ ይመለሳል። «ጧ» ብሎ መብራቱ ምንም ካልፈዘዘ ካንዴላዎቹ የሚስቡት ነገር የለም፣ ሞተዋል። «ጧ» ራሱ ከሌለ ችግሩ ከሪሌው ወይም ወደ ሪሌው ከሚመጣው መስመር ነው።

ከዚያ ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ) ያዝ። ከኖዝሎቹ አጠገብ ስድስቱን ካንዴላ ከላይ የሚያያይዝ ቀጭን የብረት ልሙጥ ታያለህ። ቀዩን ሽቦ እሱ ላይ፣ ጥቁሩን ሞተሩ ላይ አድርግ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ይክፈትልህ። ለባትሪው የቀረበ ቮልት መታየት አለበት። ዜሮ ካሳየ ወፍራሙን ፊውዝና ሪሌውን ተመልከት፤ ሰባት ስምንት ካሳየ የሪሌው ውስጥ ተቃጥሏል ወይም መስመሩ ዝጓል። ቮልቱ ደህና ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፣ ትንንሾቹን ዳዶዎች ፈትተህ ያን ልሙጥ አንሳ (ዳዶ ሞተር ውስጥ እንዳትጥል፣ ሥሩ ጨርቅ አንጥፍ)፣ እያንዳንዱን ካንዴላ ለብቻው በኦም ለካ። ጤነኛ ካንዴላ ከአንድ ወይም ከሁለት ኦም በታች ነው የሚያሳየው። የሞተው ምንም አያሳይም። ቴስተር ከሌለህ ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ የ12 ቮልት አምፖል የካንዴላውን ጫፍ አስነካ፤ ካልበራ ያ ካንዴላ አብቅቷል፤ ለዚህኛው ግን ኔጋቲቩን መልሰህ ማሰር አለብህ።

ስታስነቅላቸው ሞተሩ ለብ ብሎ ይሁን፣ ማታውኑ ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ ይረጭባቸው። እምቢ ያለውን በጉልበት የሚጠመዝዝ ልጅ ካየህ አስቁመው፣ ምክንያቱም ካንዴላ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ቴስታታ ወደ ማውረድ ትሄዳለህ። ከወጣ በኋላ አትጣለው፣ ጫፉን እይ። እኩል የጠቆረና ቀጥ ያለ ከሆነ በዕድሜ ነው የሞተው። ጫፉ ያበጠ፣ የቀለጠ ወይም የተቆረጠ ከሆነ ግን ካንዴላው ተጎጂ ነው፣ ገዳዩ ጎረቤቱ ያለው ኖዝል ነው። መርጨት ሲገባው የሚያንጠባጥብ ኖዝል ካንዴላውን ያቃጥለዋል። አዲስ ካንዴላ ብትገጥምለት እሱንም ይበላዋል። ስለዚህ የትኛው ካንዴላ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ጻፍ፤ እኛ ጋ ስታመጣው የትኛውን ኖዝል እንደምናይ እናውቃለን።

አዲስ ስትገዛ ደግሞ የቮልቱ ነገር ያሳስበኛል። ከድርጅት የተሸጡ አንዳንድ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ናቸው፣ ሁለት ባትሪ ይዘው። አንዳንድ የቆዩ የቶዮታ ናፍጣዎች ላይ ደግሞ ባለ 6 ቮልት ካንዴላ ነው የሚገጠመው፣ በፍጥነት እንዲግል ተብሎ ለጥቂት ሴኮንድ ሙሉውን ቮልት ይሰጠውና ከዚያ በተቃዋሚ ይቀነስለታል። በዚያ ቦታ የ12 ቮልቱን ብትገጥም ለብ ብሎ ይቀራል፤ በ12 ቮልቱ ቦታ የ6ቱን ብትገጥም አምፖል ሆኖ ይቃጠላል። መልካቸው አንድ ነው። አሮጌው አንገት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብብና በዚያ ግዛ፣ «ይሄም ይሆናል» የሚልህን ሻጭ አትስማ። ስድስቱንም በአንዴ ቀይር። ሐሰተኛው ብዙ ስለሆነ ከመግጠምህ በፊት አዲሶቹንም በኦም ለካቸው፤ አምስቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጥተው ስድስተኛው ከራቀ መልሰው።

አሁን ጭስ ወደሌለበት ቀን እንምጣ። እዚህ ላይ ያቺ ዳገት ትገባለች። ድሬ ሜዳ ነው፣ መኪናህን የትም አቁመው፣ ተስተካክሎ ነው የሚያድረው። ሐረር ግን አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገህ ነው ያቆምከው ብዬ እገምታለሁ። ሰርባቶዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ከኋላ ነው፣ ከሞተሩ ዝቅ ይላል። አፍንጫው ወደ ላይ ሲሆን ልዩነቱ ይጨምራል። ከሰርባቶዮው እስከ ፖምፓው ባለው መስመር ላይ የሆነ ቦታ በጣም ትንሽ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ፣ ሌሊቱን ናፍጣው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በቦታው አየር ይገባል። ቀዳዳው ናፍጣ ላያፈስም ይችላል፣ አየር ብቻ ነው የሚስበው። ለዚህ ነው ከሥር ምንም ጠብታ ሳታይ ጠዋት ባዶ መስመር የሚጠብቅህ።

ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ቀን አፍንጫውን ወደ ታች አድርገህ አሳድረው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። በማግስቱ ጭስ ካለ መልሱ ተገኘ። ወይም ደግሞ ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት ናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ መግፊያ ተጫን። ወዲያው ከጠነከረች መስመሩ ሙሉ ነው። ላላ ብላ እየሰመጠች ብዙ ከተገፋች በኋላ ከጠነከረች፣ ከዚያም መኪናው ከተነሳ፣ አየር አለ። ማታ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከፖምፓው በፊት ባለው ጎማ ቱቦ ምትክ አጭር ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ለአንድ ሌሊት ብታስገባ ደግሞ ጠዋት አረፋውን በዓይንህ ታየዋለህ።

አየሩ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከርካሽ ዕቃ ነው። ትንንሾቹ የናፍጣ መመለሻ ጎማ ቱቦዎች በድሬ ሙቀት ይደርቁና ጫፋቸው ይሰነጠቃል። የፊልትሮው ሥር ያለችው የውኃ ማውጫ ቡሎን ጎማዋ ይጠነክራል። የእጅ መግፊያዋ ራሷ ውስጧ ያለው ጎማ ይቀደዳል፤ ይቺ በጣም ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል። ፊልትሮውን ስትነካካ ሥሩን ከፍተህ ውኃም አስወጣ፣ ግማሽ ሰርባቶዮ ይዞ ብርድ ላይ የሚያድር መኪና ውኃ ያጠራቅማል። አንድ ተጨማሪ፦ ቁልፍ ስትከፍት ፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ «ቅጭ» ይላል። ሽቦው ልል ከሆነ አንዳንድ ቀን ይላል፣ አንዳንድ ቀን አይልም፣ ሳይል ሲቀር ጭስ የለም። እጅህን አድርግበትና ሌላ ሰው ቁልፍ ያብራ፤ በእጅህ ትሰማዋለህ።

ባትሪ ቀይሬያለሁ ብለሃል፣ ጥሩ። ግን ድሬ ባትሪ ገዳይ ከተማ ናት። ባትሪን የሚያረጀው ሙቀት ነው፣ ውኃውን ያተንነዋል፣ ውስጡን ይበላዋል፤ ብርድ ደግሞ የቀረችውን ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪው ድሬ ላይ ሞቶ ሐረር ላይ ይቀበራል፣ ስሙን የሚያጠፋው ግን ሐረር ነው። አዲሱን ለካው፦ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከ9.5 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ከዚያ በላይ ሆኖም ሞተሪኖው ቀሰስ ካለ ማሳውን (ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድ) እይ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርገህ ሞተሪኖ አስነካ። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ጉልበቱ በዛገ ገመድ ላይ እየባከነ ነው። ሞተሪኖው አንዴ «ጣ» ብሎ ዝም የሚልበት ቀን ካለ ደግሞ ሙሉውን አትቀይር፣ ውስጡ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች ናቸው የተበሉት፣ እነሱ ብቻ ይቀየራሉ። ኤሌትራውቶዎች (የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪዎች) ያውቁታል። አንዳንዶቹ ሳይነግሩህ ሙሉውን ይሸጡልሃል እንጂ።

ዘይትህስ? ድሬ ሙቀት ነው ተብሎ ባለ 40 ነጠላ ዘይት ተሞልቶልህ ከሆነ ሐረር ላይ ጠዋት እንደ ማር ነው የሚሆነው፣ ሞተሪኖው ያን እየጎተተ የሚገባውን ፍጥነት አያገኝም። ፍጥነት ካላገኘ አየሩ በፋሻው በኩል የማምለጫ ጊዜ ያገኛል፣ ግለቱም አይደርስም። 15 ደብሊው 40 ለሁለቱም ከተማ ይበቃል። «ሞተሩ አርጅቷል፣ ወፍራም ይሻለዋል» የሚለውን ምክር አልወደውም፤ ወፍራም ዘይት ድካሙን ይሸፍናል እንጂ አያክመውም።

አንድ የተረሳ ነገር አለ። በብዙዎቹ 1ኤችዜድ ፖምፓዎች ጎን ላይ የራዲያተር ውኃ የሚገባባት ትንሽ መሣሪያ አለች። ውስጧ በሙቀት የሚለጠጥ ሰም ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መርጫውን ቀደም ታደርገዋለች፣ ሚኒሞውንም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ ታደርጋለች፤ ሲሞቅ ትለቃለች። እኛ አገር ውኃ ስታፈስ ቱቦዋን ቆርጠው ያገናኟትና «አያስፈልግም» ይሏታል። ድሬ ላይ እውነት አያስፈልግም ይሆናል። ሐረር ላይ ግን የእሷ አለመኖር ልክ ያንተን ምልክት ይሰጣል፣ ነጭ ጭስና መንቀጥቀጥ። ጠዋት እንደተነሳ ሚኒሞው ከሞቀው ሚኒሞ ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው? ካልሆነ እሷን አሳይ።

ካንዴላው አዲስ ሆኖ፣ መስመሩ አየር ሳይኖረው፣ ሞተሪኖው እያበረረ ነጩ ጭስ ከቀጠለ ነው ወደ ኖዝል የምንሄደው። ኖዝል ወጥቶ ማሽን ላይ ይታያል፤ የሚከፈትበት ግፊት 150 ባር አካባቢ መሆን አለበት፣ ከሁሉ በላይ ግን እንደ ጉም መርጨቱና ጫፉ ላይ ጠብታ አለመያዙ ይታይ። ቫልቭም አለ። በዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው በውፍረት በሚለያዩ ቆርቆሮዎች ስለሆነ ማንም አይነካውም፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ ቫልቩ እየጠበቀ ይሄድና በደንብ መዘጋት ያቅተዋል። ሲቀዘቅዝ የሚፈለገው ለመግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ ለመውጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ታይሚንግ ቀበቶ በቅርቡ ተቀይሮ ከዚያ በኋላ ከጀመረህ ደግሞ አንድ ጥርስ ተዘሎ እንደሆነ አሳይ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የፋሻ ጥያቄ የሚነሳው፣ እሱም በኮምፕሬሽን መለኪያ ብቻ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር በአየሩ ክብደት ይወሰናል። የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠለል ከፍታ ታስቦ ነው፤ ሐረር ላይ ጤነኛ ሞተር ከዚያ ቁጥር በአንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ድሬ ላይ ዝቅታው ከዚያ ያንሳል። ይህን ያላሰበ ሰው መጽሐፉን ገልጦ «ሞተርህ አልቋል» ቢልህ ከልቡ ነው የሚልህ፣ ግን ተሳስቷል። አንተ የምታየው በስድስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩን አትንካ። አንዱ ከሌሎቹ ከ5 ባር በላይ ከወረደ የሚወራ ነገር አለ፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ ቫልቩ ይታይ።

እስኪጠገን ድረስ ጠዋት እንዲህ አድርግ። ቁልፉን ክፈት፣ መብራቷ ከጠፋች በኋላም ወደ አስር ሴኮንድ ቆይ፣ ዝጋ፣ ድገም። ሦስተኛው ላይ ነዳጁን ግማሽ ያህል ረግጠህ አስነሳ። ሞተሪኖውን ከ15 ሴኮንድ በላይ አታሽከርክር፣ በመሐል ግማሽ ደቂቃ አሳርፈው፣ አለበለዚያ እሱንም ትቀብረዋለህ። ሲነሳ አታጓራው።

የማስነሻ ስፕሬይ አየር ማስገቢያው ላይ የሚረጭልህ ሰው ካለ እጁን ያዝ። ኤተር ከጋለ ካንዴላ ጋር ሲገናኝ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ፋሻና ፒስተን ይሰብራል፤ ቤንዚን የነካ ጨርቅም ያው ነው። ይባስ ብሎ ዛሬ የሌለህን የፋሻ ችግር በእጅህ ታመጣዋለህ። ከካርተሩ (ከዘይት መያዣው) ሥር ከሰል ማንደድ፣ የፈላ ውኃ ፖምፓው ላይ መድፋት፣ እነዚህንም ተው። ፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች እጅግ በጠበበ ልክ ነው የተገጣጠሙት፣ ድንገት አንዱ ጎን ሲሞቅ ይነካከሳሉ። ያኔ ነው እውነተኛ ደንበኛዬ የምትሆነው።

ቁልቁለት ላይ ለቆ ማስነሳት ካስፈለገህ ቁልፉ ይከፈት፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሞተር ካልተነሳ ግን ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ሐረር ቁልቁለት ላይ፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት፣ እኔ አልሞክረውም። ታይሚንግ ቀበቶው ያረጀ ከሆነ ደግሞ በዚያ ድንገተኛ ጉተታ ጥርስ ሊዘል ይችላል።

የመጨረሻ ነገር፣ ክፍያን በተመለከተ። ማን ይሥራው ማን፣ ድሬ ላይ አስነስቶ «በል እንግዲህ፣ አየኸው አይደል» ሲልህ ሙሉውን እንዳትከፍል። ድሬ ላይማ ድሮም ይነሳ ነበር። ግማሹን ክፈልና ሐረር ይዘኸው ሂድ፣ እዚያው ዳገት ላይ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ ይደር፣ ቀሪውን በማግስቱ ትልክለታለህ።